ቀስ ብዬ የሮጥኩበት ቀን

አልዩ አምባ
ሰኔ 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

በአላህ ስም፤

ለጠይባ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ዳገት ሥር ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድረስ ይግባልሽ። እንዴት ከርመሻል? ያ በሙቀቱ የሚብስብሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? እናቴ ደህና ናት። ዓይኗ ትንሽ ደክሟል እንጂ ምላሷ እንደምታውቂው ነው። ሶላቷን በጨረሰች ቁጥር ስምሽን ጠርታ ዱዓ ታደርጋለች፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ ታየኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወንድሜን አሊን ደጃፍሽ ላይ ብቻውን ቆሞ ስታዪው ከኋላው ያለውን መንገድ አሻግረሽ ሳታዪ አልቀረሽም። ሁለታችንም እንመጣለን ብዬ ልኬብሽ ነበርና። እሱ ደግሞ ለጥያቄ ሁሉ «ደህና ነው» ብሎ የሚዘጋ ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ ለምን እንዳልመጣሁ ከራሴ ስሚው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ነው፤ ግመሎቹ ከዚህ ሲወርዱ ምን እንደሚጭኑ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በሌላ ሰው እጅ አያልፍምና እንደልቤ ጽፌልሻለሁ።

አባትሽን ልታስታምሚ ስትወርጂ የኔ ሩጫ ገና የልጅ ጨዋታ ነበር። የወባ መከላከያ ሥራዬ ነው ያስጀመረኝ፤ ከቆላው የሰበሰብኩትን የደም ናሙና ይዤ ጎረቤላ የምትመጣዋን መኪና ለመድረስ ዳገቱን በሩጫ ስወጣ አይተሽ፣ «ሌላው ሰው ከወባ ይሸሻል፣ የኔ ባል ወባ ታቅፎ ይሮጣል» ብለሽ የሳቅሽው ትዝ ይለኛል። ያኔ የወር ጉዳይ መስሎን ተለያየን። አባትሽ ሲሞቱ፣ ያለፈቃድ የወጣ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ስንሰማ፣ አንቺም እዚያ ቀረሽ፣ እኔም እዚህ።

ከዚያ በኋላ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ሮጥኩ። ደብረ ብርሃን የሠራተኞች ውድድር ላይ አንድ የስፖርት መምህር አየኝ፤ ብርሃነ መስቀል ይባላል፣ የአንኮበር ካህናት ልጅ ነው። ያኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ ነበር የሮጥኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ማራቶን ሮጠህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ማራቶን ምን ያህል ነው?» አልኩት። ሲነግረኝ «እሱማ እኮ ከአንኮበር እዚህ ድረስ ማለት ነው፤ በእግሬ ስመላለስበት ኖሬያለሁ» አልኩት። እየሳቀ የራሱን ሸራ ጫማ ሰጠኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ቅልጥሜ አብጦ አስተኛኝ። ወጌሻው በቅቤ አሽቶ አሰረልኝና፣ «እግር ለመሄጃ ነው የተፈጠረው» ብሎ ተቆጣኝ። ቀጥሎ ተረከዜ ላይ ያለው ጅማት ጀመረኝ፤ ጠዋት ስነሳ እንደ ደረቀ ጠፍር ይሆናል፣ ከተንቀሳቀስኩበት ይለሰልሳል፣ ሲመሽ ደግሞ እሳት ነው። እንዲህ እያለኝ መምህር አዲስ አበባ ማራቶን ወሰደኝ። መጨረሻው ላይ እግሬን በእጄ እያነሳሁ ማስቀመጥ ነበር የቀረኝ። ስገባ ተመልካቹ ሄዷል፣ ገመዱ ተጠቅልሏል። መምህር ብቻ ጋቢውን ዘርግቶ ቆሟል። «ጨረስክ እኮ! ዓወል፣ ጨረስክ እኮ!» እያለ አቀፈኝ። ጠይባ፣ ያን ቀን አንቺ ብትኖሪ ብዬ አለቀስኩ። ላቡ ስለነበር እሱ አላወቀብኝም።

ለምን እንደወደድኩት ልንገርሽ። ከቀበሌ ቀበሌ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት፣ ዘመድ ለመቅበር ፈቃድ፣ እንግዳ ለማሳደር ማስመዝገብ። ስሮጥ ግን ወዴት ነው የምትሄደው ብሎ ያስቆመኝ የለም። ሯጭ ነው ይሉና ያሳልፉኛል።

ባለፈው ኅዳር ድርቁ ጠንቶ ሰው ከቆላ መውጣት ጀመረ። እንግዳ ሰው እንዳይመስልሽ፤ እኔ ቤታቸውን በየዓመቱ የወባ መድኃኒት ስረጭላቸው የኖርኩ ሰዎች ናቸው። አንዱን አግኝቼ ስሙን ለመጥራት ተቸገርኩ፤ ፊቱ ስም የሚያስጠራ አልነበረም። ሁልጊዜ ወተት ሳያጠጣኝ የማይሸኘኝ ሰው ነበር። «ዓወል፣ ዘንድሮ አትልፋ፤ ቤቱ ውስጥ የምትረጭለት ሰው የለም» አለኝ። ሰውየው ልጆቹንና ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ነበር የመጣው።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ፣ በአንኮበር መንገድ በኩል፣ መጠለያ ተሠራላቸው። ድንኳኑ አለ፣ ብርዱ አለ፣ እህሉ ግን የለም። ይህን ለመምህር ስነግረው፣ «አንኮበርና ደብረ ብርሃን ማራቶን ነው ብለህ አልነበር? እንግዲያው ሩጠው። በመንገዱ ዳር ያለ ገበሬ ሁሉ፣ አንተ ደጁን ካለፍክ ገብስ ይስጥ» አለ። ሁለታችን በየሰንበቴውና በየመስጊዱ እየዞርን ለመንን። ሰው ሳቀብን፤ ግን ቃል ገባ። ጥር ላይ ውርጩ ሳይለቅ ከጎረቤላ ተነስቼ ሮጥኩት። ሰው ደጁ ላይ ቁናውን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩኝ፤ እስላም መሆኔን ሲነግሯቸው «እግሩን ነው የባረክሁት» አሉ አሉ።

በማግስቱ መጠለያው ሄድኩ። ያ ወተት የሚያጠጣኝ ሰው ቆሎ በመዳፉ ይዞ ተቀምጧል። «ይኼን አንተ ነህ ሮጠህ ያመጣኸው?» አለኝ። አዎ ስለው ከቆሎው ቆንጥሮ ሰጠኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያ ደስታ ነው ወጥመድ ውስጥ የከተተኝ።

ወሬው ወደ ላይ ደረሰ። የድርቅ ዘመቻ ኮሚቴ የሚባል ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ጓድ ኃይለ ገብርኤል አስጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ጀግና አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እንድሮጥ ተወሰነ። ደረቴ ላይ መፈክር ተለጠፈ። ገብሱም በየደጁ መሰጠቱ ቀርቶ ወደ ኮሚቴው መጋዘን ይገባ ጀመር። ከመጋዘኑ የወጣ መኪና ወደ መጠለያው የሚወስደውን መታጠፊያ አልፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከየካቲቱ ሩጫ በኋላ ተረከዜ መሬት አላስነካ አለኝ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል ዘንድ ሄጄ፣ «ጓድ፣ ጅማቴ ሊበጠስ ነው፤ ጥቂት ልረፍ» አልኩት።

ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እረፍ እንጂ፣ ማን ከለከለህ! ለመሆኑ ያ ታናሽ ወንድምህ፣ አሊ ነው አይደል ስሙ? ዕድሜው ስንት ደረሰ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ጥሩ ዕድሜ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ እንደሚመጣ ታውቃለህ። እኔ ግን ለቀበሌው፣ ይኼ ቤተሰብ በወንድምየው እግር ግዳጁን እየተወጣ ነው ብያለሁ። አንተ እስከሮጥክ ድረስ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

መጋቢትን በመርፌ አደንዝዘውኝ ሮጥኩ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ግን የታሰረ በሬ አውድማ ላይ እንደሚዞረው ነበር የምዞረው። ያኔ ነው ጋሽ ዘይኑልአቢዲንን ያማከርኩትና ለአንቺም ሁለታችን እንመጣለን ብዬ የላክሁብሽ። እሱ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። «በቆላው መውረጃ ኬላው ላይ ያሉት ሚሊሾች ዓይን የላቸውም ብለህ ነው? አንድ ቀን ብቻ ነው ኬላው ባዶ የሚሆነው» አለኝ። የትኛው ቀን እንደሆነ ገምቺ። እኔ የምሮጥበት ቀን ነው። ያን ቀን ሚሊሾቹን በሙሉ መኪና ላይ ጭነው ያወጧቸውና በመንገዱ ዳር ያሰልፏቸዋል፤ እኔ ደብረ ብርሃን ገብቼ፣ ንግግሩ አልቆ፣ ሰልፉ ሲበተን ነው የሚመለሱት።

ስሰማው መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ቀዘቀዝኩ። ማምለጥ የሚቻልበት አንድ ቀን ቢኖር፣ አገር ሁሉ እኔን ቆሞ የሚያይበት ቀን ነው። አሊ ሊሄድ ይችላል። እኔ አልችልም።

ለአሊ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንተስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«እደርስባችኋለሁ።»

«ውሸትህን ነው። እኔም አልሄድም።»

«አንተ ካልሄድክ እኔ ለማን ነው የምሮጠው?» አልኩት። ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። እናቴ ሰምታናለች። ተነስታ ስንቁን መቋጠር ጀመረች።

ቀኑ የሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ደብረ ብርሃን አደባባይ ድንኳን ተተክሏል። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን አንድ ነገር ብቻ ለምኖኝ ነበር፤ «ግመል አይሮጥም። ቆላውን ተሻግረን ከእነሱ እጅ እስክንወጣ ድረስ ሚሊሾቹ ባይመለሱ ጥሩ ነው። አደራህን፣ ቶሎ አትግባ።» በሕይወቴ ቶሎ አትግባ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እኔ ያሰብኩት ዳገቱን በደህና ወጥቼ ሜዳው ላይ ማዝገም ነበር። ዳገቱን ጨርሼ ገና እፎይ ስል ተረከዜ ላይ ድንጋይ የተወረወረብኝ መሰለኝ፤ ድምፁንም ሰማሁት። ዞሬ ሳይ ማንም የለም። ስረግጥ እግሬ አልታዘዘኝም። ወደቅኩ።

መምህር ብርሃነ መስቀል እንደ ሁልጊዜው በብስክሌት ይከተለኝ ነበር። ወርዶ ተረከዜን ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። «ተበጥሷል። በቃ፣ አበቃ። መኪና ልጥራ።»

«አይሆንም።»

«ዓወል፣ አብደሃል? ዕድሜ ልክህን ነው የምታነክሰው!»

«መምህር፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። በጣም ቀስ ብዬ።» ክንዱን ያዝኩት። «ዛሬ መቅደም አልፈልግም።»

ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ወደ መጣንበት ዞሮ ቁልቁለቱን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ። አሊ ጎረቤላ ሲያስነሱኝ እንደወትሮው ውኃ ይዞ አለመምጣቱን ልብ ብሎ ነበርና ገባው መሰለኝ። ካጠገባችን ከነበረ ገበሬ ዱላ ተቀብሎ ሰጠኝ። እሱም ብስክሌቱ ላይ አልወጣም፤ እየገፋ ጎን ለጎኔ መሄድ ጀመረ።

ሕመሙን አልጽፍልሽም። የሚጻፍ አይደለም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ጓድ ኃይለ ገብርኤል በላንድሮቨር አቧራ እያስነሳ መጣ። «ምንድን ነው ይኼ? እንግዶቹ እየጠበቁ ነው! ና ውጣ፣ ከተማው መግቢያ ላይ እናወርድሃለን፤ ከዚያ ሮጠህ ትገባለህ።»

መቼም ሰው ነኝ፤ የመኪናውን መቀመጫ ሳይ ሁለመናዬ ተመኘው። እወጣለሁ ብል ሁሉም ነገር ወዲያው ያልቃል፣ ሚሊሾቹም ገና በጠራራ ፀሐይ ኬላቸው ላይ ይደርሳሉ። በመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ያየናል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጓድ፣ ሕዝቡ ገብሱን የሰጠው በእግሩ ለሚያልፍ ሰው ነው። በመኪና አልፌ ሕዝብን አላታልልም» አልኩት።

«ትእዛዝ ነው!» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ያኔ ዱላውን የሰጠኝ ገበሬ ወደፊት መጣ። «ጌታዬ፣ ሰውየው እውነቱን ነው። በመኪና ከሆነማ እኛም ገብሳችንን እንመልሳለን» አለ። ከኋላው ያሉት አጉረመረሙ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል ሰዉን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን ደርግሞ ሄደ።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ሯጭ ሲያልፍ ሰው ያጨበጭብና ይቀራል። የሚያነክስ ሰው ሲያልፍ ግን ዝም ብሎ መቅረት አይሆንለትም። አንዲት ሴትዮ ቁናዋን ተሸክማ ተከተለችኝ። ጎረቤቷም ተከተለች። አንዱ አህያውን ጫነ። በየመንደሩ ሰው እየጨመረ፣ ከኋላዬ ገበያ የሚወርድ ይመስል መንገዱን ሞሉት። ሚሊሾቹም ሕዝቡን እንዲጠብቁ ታዘው አብረውን ያዘግማሉ፤ አንዱ እንዲያውም የባልቴት ጆንያ ተሸክሟል። መጠለያው ጋ ስንደርስ ማንም ወደ መጋዘን የሄደ የለም፤ እዚያው በር ላይ ዘረገፉት። የኮሚቴው ሰዎች ቆመው ከማየት በቀር ምን ያደርጋሉ? አደባባዩ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እንግዶቹ ሄደዋል። ድንኳኑን እየነቀሉት ነው። እኔ ግን ከመድረኩ ይልቅ ወደ ቆላው ሰማይ ነበር የማየው፤ ሚሊሾቹ ገና እዚሁ ናቸው።

አሊ መጥፋቱ በታወቀ ጊዜ ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ አንስተው ወሰዱኝ። «ወንድምህን የት አደረስከው?» ሲሉኝ፣ «ያን ቀን የት እንደነበርኩ አገር ሁሉ አይቷል» አልኳቸው። ያንኑ እየጠየቁኝ ያንኑ ስመልስላቸው ከረሙ። መምህርም መጥቶ ከጎኔ እንዳልተለየሁ መሰከረልኝ። እኔን ለቀቁኝ፤ እሱን ግን ወደ ሰላ ድንጋይ አዛወሩት። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሳም። «አሯሯጥህ አምሮብህ ነበር» ብቻ አለኝ።

አሁን እዚህ አልዩ አምባ ነኝ። በየጠዋቱ ቀበሌ ሄጄ መኖሬን አሳያለሁ፤ ከከተማው መውጣት ተከልክያለሁ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄጄ ካልተቀደድኩ ጅማቱ እንደማይገጥም ተናግሮ ነበር፤ ለመሄጃ የጠየቅኩት ፈቃድ ግን አልመጣም። ረመዳንን ተኝቼ ጾምኩት። መስጊድ ስሄድ እናቴ ትደግፈኛለች፤ እሷ ዓይን፣ እኔ እግር የለንም፤ ተያይዘን እንደርሳለን። ሰሞኑን ደግሞ ጓድ ኃይለ ገብርኤል አስጠርቶኝ፣ «ለአብዮቱ በዓል ተዘጋጅ፤ ሕዝቡ አንተን ነው የሚጠይቀው» አለኝ። ምርኩዜን እያየ ነው እንዲህ ያለኝ። እሺ አልኩት።

የዒዱ ሰሞን ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ተመልሶ መጣና አሊን በሰላም አስረክቦሽ እንደተመለሰ ነገረኝ። እናቴ መሬቱን ሳመችው። እኔ ሳቅኩ ይሁን አለቀስኩ፣ አላውቀውም።

እንደምታውቂው ሰውየው ወሬ ይወዳል። ሳልጠይቀው ስለ አባትሽ ወዳጅ ልጅ አነሳብኝ፤ አባትሽ ሲታመሙም ሲቀበሩም እንዳልተለየሽ፣ አሊንም ሥራ እንዳስገባው። ነገሩ ሲያመልጠው ደነገጠ። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጨዋ ሰው ነው» አለኝ። ጋሽ ዘይኑ ሰውን በዋዛ ጨዋ እንደማይል ታውቂያለሽ። ጠይባዬ፣ አንቺ ብቻሽን ብዙ ቆይተሻል። ሙቀቱ ሲበረታ ከቤት አትውጪ፤ ደግሞም ሰው ሲያስብልሽ እምቢ አትበዪ። እኔም እግሬ ሻል ሲለኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አላህ ካለ፣ እመጣለሁ።

ለአሊ አንድ ነገር ንገሪልኝ። በረሃውን ሙሉ ከግመሎቹ ፊት እየሮጠ አስቸገረኝ ብሎኛል ጋሽ ዘይኑ። አሁን ከኋላው የሚያባርረው የለም፤ ይራመድ በዪው።

አላህ ቤትሽን ሰላም፣ እንጀራሽን ብዙ ያድርገው። ልብሽ የሚያርፍበትን ይስጥሽ፤ ያረፈበትንም ይባርክልሽ። እናቴ ሁለታችሁንም ደረቷ ላይ አድርጋ ትስማችኋለች።

የአሊ ወንድም፣
ዓወል